ሰኞ መንገድ፣ እሑድ ትራክ፦ ለአንድ ኮሮላ ስንት ኪሎ ሞላ ይበቃል?

የፍራንኮው ኮሮላ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ሲሆን የምነዳው እ.ኤ.አ. የ1999 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ 1.6፣ ካምቢዮው ማኑዋል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሥራ መኪናዬ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ፤ በቀረው ጊዜ ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋሁ ከጉብታ ወደ ጉብታ እሄዳለሁ። በወር አንድ እሑድ ግን ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር፣ ፈቃድ በተጠየቀበትና ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ ሰፊ የአስፋልት ግቢ ውስጥ ኮን ደርድረን በሰዓት እየተለካን እንነዳለን። ኩርባዎቹ ጠባብና መካከለኛ ናቸው፤ ፍጥነታችን በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር አይበልጥም።

ችግሬ እንዲህ ነው። ኩርባ ውስጥ መኪናው ክፉኛ ይተኛል፣ የውጭው የፊት ጎማ ጠርዙ ተበልቶ ሊያልቅ ደርሷል፣ መሪውን ይበልጥ ባዞርኩ ቁጥር ደግሞ ፊቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለት ምክር ተሰጥቶኛል። አንደኛው ከዱባይ በኢንተርኔት የሚታዘዝ፣ ቁመቱ የሚስተካከል፣ ከነአሞርዛተሩ (የሞላውን መንጠር ከሚያረግበው ዕቃ ጋር) የተሟላ ሞላ ሲሆን የፊቱ 8 ኪሎ፣ የኋላው 6 ኪሎ ተብሎ ተጽፎበታል። ሁለተኛው የሰፈሬ ጋራዥ ምክር ነው፤ አሁን ካለው ሞላ ላይ አንድ ዙር በግራይንደር ቆርጦ መመለስ። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እኔን ያስቸገረኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ በምን ተመዝኖ እንደሚመረጥ አላውቅም።

ቀዩ ሲቪክ

ስምንት በስድስቱን ይዘዙ፣ አይጠራጠሩ። ለስላሳ ሞላ ይዞ ትራክ መግባት በነጠላ ጫማ ኳስ እንደመጫወት ነው። መኪና የሚተኛው ሞላው ስለሚሸነፍ ነው፤ የማይሸነፍ ሞላ ሲያስገቡለት ክብደቱም ወደ ውጭው ጎማ መዛወሩን ያቆማል። ከተማ ውስጥ ትንሽ ይቆረቁራል፣ ይለምዱታል።

የወንጂ መሐንዲስ

ቁጥር ከመመረጡ በፊት ክብደት መታወቅ አለበት። 8 ኪሎ የተባለው ሞላ 1 ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 8 ኪሎ ግራም ጭነት የሚፈልግ ማለት ነው። በኒውተን ሲሰላ በሚሊ ሜትር 78 ያህል ይሆናል፤ በአሜሪካ ልኬት 450 ተብሎ የተጻፈ ሞላ ቢያጋጥምዎም ያው ነው፣ እነሱ የሚለኩት በፓውንድና በኢንች ስለሆነ። ይህ ቁጥር ግን የሚሸከመው ክብደት ካልታወቀ ብዙ አይነግረንም፤ ለቪትዝ ድንጋይ የሆነው ሞላ ለላንድክሩዘር ፍራሽ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመኪና እገዳ (ሰስፔንሽን፣ ማለትም ሞላው፣ አሞርዛተሩና ጎማውን የሚይዙት ክንዶች በአንድነት) የሚሠሩ ሰዎች በሞላው ቁጥር ፋንታ በድግግሞሹ ይነጋገራሉ፤ ይኸውም መኪናው ሞላው ላይ ተቀምጦ ሲነካ በሰከንድ ስንት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል የሚለው ነው። የቤተሰብ መኪና በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ሄርዝ ይገኛል፤ ለመንገድ የተሠራ ስፖርታዊ መኪና ከ1.5 እስከ 2፤ ክንፍ የሌለው የውድድር መኪና ከ2 እስከ 2.5 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ነፋስ ወደ መሬት ለሚጫናቸው የውድድር መኪኖች ነው።

እርስዎ ከመሪው ኋላ ተቀምጠው፣ ታንከሩ በግማሽ ተሞልቶ፣ ወደ አንድ የጭነት መኪና ሚዛን ይሂዱ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ መላውን መኪና ያስመዝኑ። ከቻሉ አሁን ያለውን ሞላ አውጥተው የሽቦውን ውፍረት በካሊፐር ይለኩልን።

የፍራንኮው ኮሮላ

መዝኛለሁ። ሚዛኑ የሚቆጥረው በ20 ኪሎ እርከን ስለሆነ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ። የሚዛኑ ሠራተኛ «ምን ጭነህ ነው?» ቢለኝ «ራሴን» ብዬው ሁለታችንም ሳቅን። የፊቱ 700 ኪሎ ሲሆን ጠቅላላው 1,180 ነው፤ ለኋላው 480 ይቀራል ማለት ነው።

የፊቱን ሞላ አስወጥቼ ቶርኖ ቤት ወስጄው ነበር። ሽቦው 12 ሚሊ ሜትር፣ የዙሩ መካከለኛ ዲያሜትር 140፣ በነጻነት የሚሠሩት ዙሮች ደግሞ ሦስት ተኩል ናቸው። ባለቤቱ ከፕሬሱ ሥር ሚዛን አስገብቶልኝ ሞላውን 50 ሚሊ ሜትር ስንጨምቀው 107 ኪሎ አነበብን። የኋላውም በተመሳሳይ መንገድ ሲለካ በሚሊ ሜትር 1.6 ኪሎ ወጣ።

የወንጂ መሐንዲስ

በጣም ጥሩ ሥራ ነው፤ ከቶርኖ ቤት የመጣው ልኬት ከቀመሩም ጋር ይገጥማል። የብረቱን ግትርነት 79,000 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር ወስደን በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ እናባዛለን፤ ውጤቱን ለ8፣ ለዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢና ለዙሮቹ ብዛት ስናካፍለው በሚሊ ሜትር 21.3 ኒውተን ይወጣል። የእርስዎ ፕሬስ የሰጠው 21 ነው። አራተኛ ርቢ የሚለውን ልብ ይበሉ፤ ሽቦው በአንድ አሥረኛ ብቻ ቢወፍር ሞላው በ46 በመቶ ይጠነክራል። በዓይን ተገምቶ የሚገዛ ሞላ ሰውን የሚያሞኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። እያንዳንዱ የፊት ጎማ 350 ኪሎ ይሸከማል፤ ከዚህ ላይ ጎማው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑና ከሞላው በታች ያለው ብረት ሁሉ ወደ 35 ኪሎ ይወስዳል ብለን ስንቀንስ ሞላው ላይ የተቀመጠው 315 ነው። ለኋላው በተመሳሳይ መንገድ 210 እንውሰድ። የእርስዎ ኮሮላ በአራቱም ጎማ ላይ ሞላና አሞርዛተሩ አንድ ላይ የቆሙበት ዓይነት ስለሆነ፣ ጎማው የሚሄደውና ሞላው የሚጨመቀው ርቀት እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሞላው ወደ ክንዱ መካከል የገባባቸው መኪኖች ላይ ግን የርቀቶቹ ንጽጽር በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ ስሌቱ ይለያል። ስለዚህ ሌላ መኪና ያላችሁ ይህን ቁጥር እንዳለ እንዳትገለብጡት።

አሁን ያለው ሞላ ከፊት 1.3፣ ከኋላ 1.4 ሄርዝ ያህል ይሰጣል። የዱባዩ ከፊት 2.5፣ ከኋላ ወደ 2.7 ይወስድዎታል፤ ይህም ማለዳ ላይ የውድድር መኪና ይዘው ዳቦ እንደመግዛት ነው። እኔ የምመክረው ከፊት 4፣ ከኋላ 3 ኪሎ ነው፤ ወደ 1.8 እና 1.9 ሄርዝ ያደርስዎታል።

ከኋላው ጥቂት ከፍ እንዲል ያደረግሁት በዘፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ እንዳስተዋለው፣ ጉብታውን ቀድሞ የሚመታው የፊት ጎማ ነው። የእርስዎ መኪና በሁለቱ አክስሎች መካከል 2.465 ሜትር ስላለው፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የኋላው ጎማ የሚደርሰው ከ0.15 ሰከንድ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተነሣው የኋላ ክፍል ፈጠን ብሎ ፊቱን ሲደርስበት መኪናው እንደ ጀልባ ከመወዛወዝ ይልቅ ደልደል ብሎ ይነሣል፣ ይወርዳል። ብዙ የትራክ ሰዎች ይህን ገልብጠው ፊቱን ያጠነክራሉ፤ ፊቱ ለሚገፋ የፊት ጎማ ነጂ መኪና ግን እኔ አልመክረውም።

ቀዩ ሲቪክ

አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ዱባይ ያለው የአጎቴ ልጅ በ8 ኪሎ ነው የሚነዳው፤ ደስተኛም ነው። ለስላሳ ሞላ ክብደቱን ወደ ውጭው ጎማ ያፈስሳል የሚለው ነጥቤ አልተመለሰም።

የወንጂ መሐንዲስ

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስህተቱም በጣም የተለመደ ነው። ኩርባ ውስጥ ከውስጠኛው ወደ ውጭኛው ጎማ የሚዛወረውን ጠቅላላ ክብደት የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የኩርባው ኃይል፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታና በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ናቸው። ማዕከሉን 52 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱን 146 ሴንቲ ሜትር አድርገን፣ ጎማው የመሬት ስበትን 0.9 እጥፍ ያህል ቢይዝ፣ ከዚህ መኪና 378 ኪሎ ይዛወራል። 2 ኪሎም አስገቡ 8 ኪሎ፣ 378ቱ ከጥቂት ልዩነት በቀር እዚያው ነው። ሞላው የሚለውጠው ከዚህ ውስጥ የፊቱና የኋላው ድርሻ ስንት እንደሚሆንና መዛወሩ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያልቅ ነው።

ታዲያ ለምን እናጠነክራለን? ይህ ዓይነቱ እገዳ መኪናው ሲተኛ የውጭውን ጎማ አብሮ ስለሚያስተኛው፣ ጎማው በጠርዙ ላይ ቆሞ የረገጠውን ስፋት ያጣል፤ የእርስዎ ጎማ ጠርዙ የተበላውም በዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ለስላሳው ሞላ ተጨምቆ ሲያልቅ መቆሚያ ጎሚኒው ላይ ማረፉ ነው። በዚያች ቅጽበት ጎማው በድንገት ድንጋይ ላይ የቆመ ያህል ይሆንና ፊቱ መያዙን ይለቃል። በቂ ጥንካሬ ማለት እነዚህን ሁለቱን የሚከላከል ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ጥቅም የሚሰጠው አስፋልቱ እንደ ዱባዩ ለስላሳ ሲሆንና ጎማው የትራክ ጎማ ሲሆን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በቀላል ማካፈል ይታያል። 315 ኪሎ በ2.14 ሲካፈል 147 ሚሊ ሜትር ነው፤ መኪናው ዛሬ ባለው ሞላ ላይ የተቀመጠው ይህን ያህል ጨምቆት ነው። በ4 ኪሎ 79፣ በ8 ኪሎ ግን 39 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀመጣል። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ሞላው የሚገፋው በዚህችው ርቀት ልክ ነው፤ ከ4 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ላይ ባለ 8 ኪሎው ጎማ አየር ላይ ይቀራል። የአዳማን ጉድጓድ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ማንበብ አለበት።

የድሮ መካኒክ

ልጆቼ፣ ስሌቱን አነበብኩ፤ ደስ አለኝ። እኔ ከቀመሩ ይልቅ ብረቱን ስለማውቅ ስለ መቁረጡ ልናገር። ዙር ሲቆረጥ ሞላ ይጠነክራል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ሦስት ተኩል የነበረው ሁለት ተኩል ሲሆን 21 የነበረው ወደ 29 ኒውተን ይወጣል፤ ለዚህ ነው «ቆረጥኩት፣ ተሻለኝ» የሚል ሰው የሚገኘው። ክፋቱ ሌላ ቦታ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ከመቀመጫው ጋር አይገጥምም፤ ቁመቱም አጥሮ መኪናው ክሪክ ላይ ሲነሣ ሞላው እጅ ላይ ይዞራል። በወጣትነቴ ራሴ ቆርጬ የሰጠሁት አንድ መኪና ሶደሬ መንገድ ላይ ዘልሎ ሲያርፍ ሞላው ከመቀመጫው ወጥቶ ጎማውን በላው፤ ሰው አለመጎዳቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልቆረጥኩም። በኦክሲጅን እሳት ማውረድ የሚባለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ሙቀት ካጣ በኋላ ወይ እየዋለ እያደረ ይሰጥማል ወይ አንድ ማለዳ ይሰበራል።

ሌላው፣ አንተ የፍራንኮው ልጅ፣ አሞርዛተርህ ስንት ዓመቱ ነው? ቦኮላዎችህስ፣ ክንዶቹ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች? ያለቀ አሞርዛተር ላይ አዲስ ሞላ መጫን ለተናደደ በሬ ገመዱን መፍታት ነው።

የወንጂ መሐንዲስ

ጋሼ እንዳሉት ነው። ሞላውን ከ21 ወደ 39 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 4 ኪሎ፣ ስናሳድገው፣ እንቅስቃሴውን በተመሳሳይ ልክ ለማስቆም አሞርዛተሩ በ37 በመቶ ያህል መበርታት አለበት። ዕድገቱ እንደ ሞላው ሳይሆን እንደ ሞላው ስኩዌር ሩት ስለሆነ ነው። የፋብሪካው አሞርዛተር ሳይነካ ሞላው ብቻ ከተቀየረ መኪናው ኩርባ መካከል ይነጥራል፤ ሰው ደግሞ ጥፋቱን በሞላው ያመካኛል። በተለይ ሞላው ሲመለስ የሚይዘው ጎኑ ነው መበርታት ያለበት።

የሐዋሳ መሪ

ከሐዋሳ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔም የፊት ጎማ ነጂ መኪና ስለምነዳ ጥቂት ልጨምር። ፊቱ ለሚገፋ መኪና ርካሹ መድኃኒት ሁልጊዜ ሞላ አይደለም። የኋላውን ስታብላይዘር (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዘውን ዘንግ) ወፈር ባለ መቀየር ከተዛወረው ክብደት የኋላውን ድርሻ ያበዛዋል፣ ፊቱም ይተነፍሳል፤ ስታብላይዘሩም እንደ ሞላው በአራተኛ ርቢ ነው የሚጠነክረው። ሁለቱ ጎማዎች አብረው የሚወጡት ጉብታ ላይ ምንም ስለማይጨምር ለከተማው መንገድ ይቅር ባይ ነው፤ አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ግን ለሌላው ያስተላልፋል።

ወንድሜን የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ኋላው የጠነከረ መኪና ኩርባ መካከል እግርዎን ከነዳጁ ድንገት ሲያነሡ ጅራቱን ያወጣል። ደረቅ ሜዳ ላይ ኮን መካከል ይህ ጨዋታ ነው፤ ክረምት ላይ በፈጣን መንገዱ፣ በዝናብ፣ ያውም የነፋስ ተርባይኖቹ አካባቢ የጎን ነፋስ ሲመታ ጨዋታ አይደለም። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አይቀይሩ፤ ሞላውን አስገብተው ለአንድ ወር ይንዱት፣ ስታብላይዘሩን ከዚያ ያስቡበት።

ደግሞም ቁመቱ የሚስተካከለውን ዓይነት ከገዙ፣ ሞላው የሚቀመጥበትን የቁመት ማስተካከያ ቀለበት ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክረዋል የሚል ሰው አይጠፋም። አያጠነክረውም፤ ባለ 4 ኪሎው ባለ 4 ኪሎ ሆኖ ይቀራል፣ መኪናው ብቻ ከፍ ይላል።

የፍራንኮው ኮሮላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። መኪናውን ምን ያህል ዝቅ ላድርገው? ሞላውን ስፈልግስ ከጥንካሬው ሌላ ምን ልጠይቅ?

የወንጂ መሐንዲስ

ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ አያውርዱት። በዚህ ዓይነት እገዳ የታችኛው ክንድ ጎማው ጋ ያለው ጫፉ ወደ ላይ እስኪያዘነብል ከወረደ፣ መኪናው ሲተኛ የሚዞርበት ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል ፈጥኖ ወደ ታች ይሸሻል። ውጤቱ ሰው የማይጠብቀው ነው፤ መኪናው ዝቅ ብሎም ይበልጥ መተኛት ይፈልጋል። ጎማውም ጉብታ ሲያልፍ በራሱ መታጠፍ ይጀምራል።

ሻጩን ነጻ ቁመቱን ይጠይቁ። አዲሱ ሞላ የሚቀመጠው በ147 ፋንታ በ79 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የመኪናው ከፍታ ሳይለወጥ እንኳ ሞላው በ68 ሚሊ ሜትር ማጠር አለበት፤ 20 ሲወርድ 88 ይሆናል። ይህን ሳያዩ የገዙ ሰዎች መኪናቸው እንደ ፍየል ቆሞ ሲያገኙት ይደነግጣሉ። የውስጥ ዲያሜትሩንም ያረጋግጡ፤ 60፣ 62፣ 65 የሚባሉ አሉ፣ በኢንች የተሠራው ደግሞ 63.5 ነው፣ እርስ በርስ አይተካኩም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል የሚጠነክረውን ይምረጡ። እየተጨመቀ የሚበረታው ለምቾት መልካም ቢሆንም ኩርባ መካከል ጠባዩን ስለሚቀይር ለመማር አይመችም።

የፍራንኮው ኮሮላ

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሻለሁ። 4 በ3 ሞላ ከሚስተካከል አሞርዛተር ጋር አስገብቻለሁ፤ የፊት ቦኮላዎችንም በጋሼ ምክር ቀይሬአለሁ፣ ሁለቱ ተቀደው ነበር። መኪናው 18 ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ ዊል አላይመንትም ወዲያው አስደርጌአለሁ።

ከተማ ውስጥ ጉብታው ይሰማል፣ ግን ጥርስ አያጋጭም፤ ባለቤቴ ለመጀመሪያው ሳምንት ዝም ብላ ቆይታ «ከበፊቱ ጠንክሯል፣ አይደል?» ብቻ አለችኝ። ፈጣን መንገዱ ላይ እንዲያውም ከድሮው ይሻላል፤ የጭነት መኪና ሳልፍ የነበረው መወዛወዝ ጠፍቷል። በሜዳችን 58.4 ሰከንድ የነበረው ምርጥ ሰዓቴ 56.9 ሆኗል። ሐቁን ለመናገር ከዚህ ውስጥ ግማሹ የጎማውን አየር በየዙሩ መለካት በመጀመሬ ይመስለኛል። የሐዋሳዋ እኅታችን ያስጠነቀቀችኝንም ቀምሼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ እግሬን አንሥቼ ሦስት ኮን በኋላ መከላከያዬ ጠርጌአለሁ።

ያልተፈታልኝ አንድ ነገር ነው። ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ፍሬን ይዤ ስታጠፍ አስፋልቱ ላይ አንዲት እጥፋት አለች፤ እዚያ ላይ የፊቱ ግራ ጎማ ዷ ብሎ ይመታል፣ ፊቱም ለቅጽበት ይገፋል። ሞላው አነሰ ማለት ነው?

የወንጂ መሐንዲስ

ገና ነው፤ ሞላውን አይንኩት። የአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቀው ወደ ታች ያስጠጉና አንድ ዙር ብቻ ይንዱ። ሲመለሱ ማሰሪያው የቆመበት ቦታ ዘንጉ የት ድረስ እንደገባ ያሳይዎታል። ከመቆሚያ ጎሚኒው ሥር ተገኝቶ ጎሚኒውን የተጫነው ከሆነ ያለቀብዎ መንገድ ነው፤ መኪናውን 8 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ሊበቃ ይችላል። ጎሚኒው ሳይደርስ ከቆመ ግን የሚመታው ሌላ ነገር ነው።

የፍራንኮው ኮሮላ

ዛሬ አደረግሁት። በቀኝ በኩል 14 ሚሊ ሜትር ተርፏል፤ በግራው ማሰሪያው ጎሚኒው ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት። ለካስ የግራው ቀለበት ከቀኙ 6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው የታሰረው።

የድሮ መካኒክ

ጎሚኒውን አሳጥረው የሚልህ ሰው ይመጣል፤ እንዳትሰማው። ሁለቱን ቀለበቶች አስተካክልና ከፍ አድርገህ እሰራቸው፤ ከዚያ አላይመንቱን እንደገና ማየት ይኖርብሃል። እሑድ ለመምጣት አስባለሁ፤ ክሪክና የቀለበቱን ቁልፍ ይዤ እመጣለሁ፣ አንተ ሜትር ያዝ።